ፍራንክ ፓርሰንስ፤ የሥራ ምርጫ አማካሪው

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል በልጅነቱ ስታድግ ምን ትሆናለህ ተብሎ ያልተጠየቀ አይገኝም። ለዚህም ጥያቄ ብዙዎቻችን ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንሆናለን ብለን እንመልስ ነበር፤ የጠየቁን ሰዎችም ደስ ብሏቸው ይመርቁን ነበር። ነገር ግን ሐኪም በቀን ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ መሐንዲስ ለመሆን ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚያስፈልግ፣ እኛስ ለዚያ ሥራ የምንመች መሆን አለመሆናችንን የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፈን የምርጫ ቅጽ በተሰጠን ጊዜ ብዙዎቻችን በአንድ ማታ፣ ከጓደኛችን ቅጽ እያየን ወይም የአጎታችንን ልጅ በስልክ እየጠየቅን ሞላነው። ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ ከምንማረው መካከል የያዘውን ትምህርት ለምን እንደ መረጠ ቢጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ጥቂት ሰው ብቻ መሆኑን እርስ በርሳችን ስንጨዋወት ደርሰንበታል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ አገር፣ በቦስተን ከተማ፣ አንድ ሰው ይህንኑ ችግር አይቶ ዝም ብሎ አላለፈውም። ሥራ መምረጥ እንደ ማናቸውም ትልቅ ጉዳይ በጥናትና በምክር ሊደረግ ይገባዋል ብሎ ተነሣ። ስሙ ፍራንክ ፓርሰንስ ይባላል። በትምህርትና በሥነ ልቡና ክፍል ለሚማሩት ጓደኞቻችን ስሙ የታወቀ ነው፤ ለሌሎቻችን ግን እንግዳ ሊሆን ይችላልና የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ አሰብን። በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የአገራችን በሆነ ጊዜ ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።

ፍራንክ ፓርሰንስ ኅዳር 14 ቀን 1854 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ማውንት ሆሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። በትምህርቱ ፈጣን ልጅ ስለ ነበረ ገና በልጅነቱ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። የተማረው የሲቪል ኢንጂኒየሪንግ ትምህርት ነው። በ1873 ትምህርቱን ፈጽሞ ሲወጣ ዕድሜው ገና 18 ዓመት ነበር። በዚያን ዘመን በአሜሪካ አገር የባቡር ሐዲድ በየአቅጣጫው ይዘረጋ ነበርና መሐንዲስ የሆነ ወጣት ሥራ አጣለሁ ብሎ የሚፈራበት ምክንያት አልነበረም። ፓርሰንስም ወዲያውኑ በአንድ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ተቀጠረ። ያየው ሁሉ የዚህ ልጅ መንገድ ተጠርጓል ብሎ ሳይገምት አልቀረም።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በአሜሪካ አገር ታላቅ የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። ለባቡር ሐዲድ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው የጄይ ኩክ ባንክ መስከረም 18 ቀን 1873 በሩን ዘጋ፤ ከእርሱም ጋር ሌሎች ባንኮችና የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች ወደቁ። ፓርሰንስ የተቀጠረበትም ኩባንያ ከወደቁት አንዱ ነበር። ዲፕሎማውን የያዘው ወጣት መሐንዲስ ሥራ ፈት ሆነ። ምን ያድርግ? በብረት ፋብሪካ ውስጥ እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ገብቶ በጉልበቱ መሥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ነገሩን ማየት ይገባናል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሆኖ ብረት መሸከም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከእኛ በፊት ከተመረቁት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል በተማሩበት ሥራ ሳይሆን ባገኙት ሥራ የሚኖሩ እንዳሉ እናውቃለን። ፓርሰንስ ከዚህ መከራ አንድ ነገር ተማረ። ይኸውም ሰው ጐበዝ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የገባበት ሥራ በአገሩ ኑሮ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው፣ ነገ ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ይህ አሳብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በሥራው ላይ ሲወጣ እናየዋለን።

ከብረት ፋብሪካው በኋላ ፓርሰንስ መምህር ሆነ። በማሳቹሴትስ ግዛት ሳውዝብሪጅ በሚባል ከተማ ሒሳብ፣ ፈረንሳይኛና ሥዕል አስተማረ። እንደ ልማዱም በከተማው ውስጥ በሚደረገው የክርክር ማኅበር ይካፈል ነበር። ሲከራከር የሰማው አንድ የሕግ ጠበቃ ይህ ሰው ለሕግ ሥራ የተፈጠረ ነው ብሎ አሰበና ሕግ እንዲያጠና መከረው። ፓርሰንስም ምክሩን ተቀብሎ ሌሎች በብዙ ዓመት የሚያጠኑትን ሕግ ባጭር ጊዜ ውስጥ አጥንቶ በ1881 የጥብቅናውን ፈተና አለፈ። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚያ ጥናት ብዛት ጤናው ተሰበረ። ሐኪሞች አየር እንዲለውጥ ስላዘዙት ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ከቤት ውጭ በአየር ላይ እየኖረ ጤናውን መለሰ።

ወደ ቦስተን ተመልሶ የጥብቅና ቢሮ ቢከፍትም የፍርድ ቤት ጭቅጭቅ ለጠባዩ የሚስማማ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ለአንድ ታዋቂ አሳታሚ የሕግ መማሪያ መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመረ። ከ1892 እስከ 1905 ድረስ ደግሞ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አስተማረ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሳቡ ከሕግ አልፎ ወደ ሕዝብ ኑሮ ዞረ። ውሃ፣ መብራት፣ ቴሌግራፍና ባቡር በጥቂት ባለጸጎች እጅ መሆናቸው ሕዝቡን ይጎዳል፤ እነዚህ ነገሮች የሕዝቡ ሊሆኑ ይገባል እያለ በመጽሐፍና በንግግር ይከራከር ነበር። በ1895 ለቦስተን ከተማ ከንቲባነት ተወዳደረ፤ ያገኘው ድምፅ ግን በጣም ጥቂት ነበር። በ1897 ወደ ካንሳስ ግዛት የእርሻ ኮሌጅ ተጠርቶ በፕሮፌሰርነት ገባ። ኮሌጁን የሚያስተዳድረው የፖለቲካ ቡድን በ1899 በተለወጠ ጊዜ ግን እርሱና በአሳብ የሚመስሉት መምህራን ከሥራቸው ተወገዱ። ከዚያም በሚዙሪ ግዛት በሚገኝ ራስኪን በሚባል ኮሌጅ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ወደ ቦስተን ተመለሰ።

እንግዲህ አንባቢ እንደሚያየው፣ ይህ ሰው 50 ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ጊዜ መሐንዲስ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤት መምህር፣ ጠበቃ፣ ደራሲ፣ ፕሮፌሰርና የከንቲባነት ተወዳዳሪ ሆኖ ነበር። ሚስት አላገባም፤ ሀብትም አላከማቸም። ሰው ሁሉ ሲመዝነው ብዙ ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን እንደዚያ ብለን ለመፍረድ አንቸኩልም። የሥራን ዓይነት ሁሉ በገዛ ራሱ የቀመሰ ሰው ባይሆን ኖሮ፣ በኋላ የሠራውን ሥራ መሥራት ባልቻለም ነበር ብለን እናስባለን።

ፓርሰንስ የተመለሰባት የያኔዋ ቦስተን እንዴት ያለች ከተማ ነበረች? የከተማይቱ ሰሜናዊ ሰፈር ከኢጣልያና ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡ ስደተኞች የተሞላ ነበር። ቤቶቹ ጠባብ፣ ቤተ ሰቡ ብዙ፣ ደመወዙ ትንሽ ነበር። በማሳቹሴትስ ሕግ ልጅ ትምህርት ቤት መቆየት የሚገደደው 14 ዓመት እስኪሞላው ብቻ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ልጆች በዚያ ዕድሜ ትምህርታቸውን እየተዉ ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። ያገኙትም ሥራ መላላክ፣ ዕቃ መጠቅለል፣ ጋዜጣ መሸጥና ይህን የመሰለ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለልጅ ገንዘብ ይሰጠዋል እንጂ ሙያ አያስተምረውም። ልጁ ሲያድግ አሠሪው አሰናብቶት በምትኩ ሌላ ልጅ ይቀጥራል። ስለዚህ ልጁ 18 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው ሙያም ትምህርትም የሌለው ሆኖ ከአንዱ በር ወደ አንዱ በር ይንከራተታል።

በዚህ ሰፈር በ1901 ሲቪክ ሰርቪስ ሐውስ የሚባል የሕዝብ መገልገያ ቤት ተከፈተ። ገንዘቡን የሰጠችው ፖሊን አጋሲ ሾው የተባለች ለትምህርት ብዙ የደከመች ባለጸጋ ሴት ነበረች። ቤቱን የሚመራው ሜየር ብሉምፊልድ ሲሆን እርሱም በልጅነቱ ከሩማንያ በስደት የመጣ፣ በኋላም ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የወጣ ወጣት ነበር። በቤቱ ውስጥ ስደተኞቹ ማታ ማታ እንግሊዝኛ፣ የአገሩን ሕግና የዜግነትን ግዴታ ይማሩ ነበር። ፓርሰንስ ወደዚህ ቤት መመላለስ ጀመረ። በ1905 ደግሞ ቀን ሲሠሩ ለሚውሉ ወጣቶች የማታ ትምህርት የሚሰጥበት፣ የእንጀራ ሠራተኞች ተቋም ብለን ልንተረጕመው የምንችል፣ አንድ የትምህርት ክፍል በዚያው ቤት አቋቋመ። ታላቁ ፕሮፌሰር ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ ከልብስ ሰፊዎችና ከጋሪ ነጂዎች ጋር ተቀምጦ ስለ ኢኮኖሚና ስለ ታሪክ ይነጋገር ነበር።

በ1906 ፓርሰንስ በቦስተን የኢኮኖሚ ክበብ ፊት መልካም ከተማ ምን መምሰል እንዳለባት ንግግር አደረገ። በዚያ ንግግር ውስጥ ወጣቶች ሥራ ሲመርጡ የሚመክራቸው ሰው እንደሚያስፈልጋቸው አነሣ። ብሉምፊልድ ይህን አሳብ በሰማ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ ወደደው። ፓርሰንስ ከማታ ትምህርት ቤት ሊመረቁ ለተቃረቡ የሰፈሩ ወጣቶች ስለ ሥራ ምርጫ እንዲናገርላቸውም ጋበዘው። ፓርሰንስ ተናግሮ ሲጨርስ የሆነው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ወጣቶቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ ብቻቸውን ሊያነጋግሩት ቀጠሮ እንዲሰጣቸው ለመኑት። ይህን ያህል የሚፈለግ ነገር ከሆነ ቤት ሊሠራለት ይገባል ተባለ። ሾውም ገንዘቡን ለመስጠት ፈቀደች። ስለዚህ ጥር 13 ቀን 1908 የሥራ ምርጫ ቢሮ ተከፈተ፤ ፓርሰንስም የቢሮው ኃላፊና አማካሪ ሆነ።

አሁን የቢሮውን አሠራር ዘርዘር አድርገን እንመልከት፤ የፓርሰንስ ስም እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነውና።

የፓርሰንስ ትምህርት ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። አንደኛው ሰው ራሱን ማወቁ ነው። ይህም ማለት ችሎታውን፣ ዝንባሌውን፣ ምኞቱን፣ ጤናውን፣ ገንዘቡንና ጉድለቱንም ጭምር ማወቅ ነው። ሁለተኛው ሥራን ማወቅ ነው። ይኸውም ሥራው ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚከፍል፣ ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንዳለው፣ ወደ ፊትስ ምን ተስፋ እንዳለው መመርመር ነው። ሦስተኛው ሁለቱን አስተያይቶ በቀና አእምሮ መፍረድ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እስኪ ከእኛ መካከል ሦስቱንም አድርጎ የምርጫ ቅጹን የሞላ ማን ነው? አንዳንዱ ራሱን ያውቃል፤ ሥራውን ግን አያውቅም። ሌላው የሥራውን ደመወዝ ያውቃል፤ ራሱን ግን አያውቅም። አብዛኛው ደግሞ ሁለቱንም ሳያውቅ በሦስተኛው ይጀምራል።

ምክር የሚፈልግ ወጣት ወደ ቢሮው ሲመጣ በመጀመሪያ ፓርሰንስ ራሱ ያነጋግረዋል። ቀጥሎ ከመቶ የሚበልጡ ጥያቄዎች ያሉበት ጽሑፍ ተሰጥቶት ቤቱ ወስዶ በጸጥታ እያሰበ እንዲመልስ ይደረጋል። ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ ስለ ቤተ ሰብና ስለ ትምህርት ናቸው። ሌሎቹ ግን ወጣቱ ከዚያ በፊት አስቦት የማያውቀውን ነገር ይጠይቃሉ። ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ? ምን ታነባለህ? ገንዘብ ታስቀምጣለህን? ከሰው ጋር ስትነጋገር ዓይን ዓይኑን ታያለህን? ፈገግታ ይቀልሃልን? የጀመርኸውን ትፈጽማለህን? የሚሉና ይህን የመሰሉ ናቸው። መልሱን ብቻውን እንዳይሰጥም፣ ወዳጆቹና ቤተ ሰቦቹ ስለ እርሱ ያላቸውን አስተያየት ሳይሸሽጉ እንዲነግሩት ይታዘዝ ነበር። በመስተዋት ፊት ቆሞም ራሱን እንዲመለከት ይመከር ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለ ሥራ ያለው ትምህርት ይመጣል። ፓርሰንስና ረዳቶቹ የልዩ ልዩ ሥራዎችን ዝርዝር አዘጋጅተው ነበር፤ እያንዳንዱ ሥራ ምን እንደሚያስፈልገው፣ በየትኛው የአገሪቱ ክፍል እንደሚበዛ፣ በቦስተን ከተማ በየትኛው የቀንና የማታ ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ተጽፎበት ነበር። ወጣቱ በወረቀት ያነበበው እንዳይበቃው ደግሞ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ እርሻው፣ ወደ ሱቁ ሄዶ ሠራተኞቹን እንዲያነጋግርና ሥራውን በዓይኑ እንዲያይ ይደረግ ነበር። የታላላቅ ሰዎችንም የሕይወት ታሪክ እንዲያነብ ይመከር ነበር፤ ሌላው ሰው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ያወቀ ወጣት የራሱን መነሻ አይንቅምና።

ለምሳሌ ያህል ፓርሰንስ የመዘገበውን አንድ ነገር እንጥቀስ። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ የሚል የ19 ዓመት ወጣት ወደ ቢሮው መጣ። ሰውነቱ የከሳና የደከመ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ትምህርቱም ያልሰመረለት፣ ስለ ሕክምና ሥራ አንድ መጽሐፍ እንኳ ያላነበበ ነበር። ፓርሰንስ አላፌዘበትም፤ ዝም ብሎም አላሞካሸውም። ሐኪም ምን እንደሚያስፈልገው አንድ በአንድ አስረድቶት፣ ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ በእርሱ ዘንድ እንዳሉ ራሱ እንዲያመዛዝን ጠየቀው። ወጣቱም ምኞቱ ከችሎታው ጋር እንዳልተስማማ ራሱ ተረዳው። ከዚያም እርሻዎችንና የእጅ ሥራ ቤቶችን እየዞረ እንዲጐበኝ፣ ጤናውንና ጠባዩንም እንዲያሻሽል ተመከረ። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለውን ምክር መስማት መራራ ነው። ነገር ግን በሕክምና ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ደክሞ ከመውደቅ ይልቅ በአንድ ቀን መራራ ቃል መዳን ይሻላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ፓርሰንስ የማይተላለፈው አንድ ሕግ ነበረው። አማካሪ ለሌላው ሰው ሥራ አይመርጥለትም የሚል ነው። አማካሪው ያሳያል፣ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፤ የሚቈርጠው ግን ባለ ጉዳዩ ራሱ ነው። ሕይወቱን የሚኖራት እርሱ ነውና። ወላጅ ለልጁ፣ መምህር ለተማሪው፣ መንግሥት ለዜጋው ሥራን በሚቈርጥበት ዓለም ውስጥ ይህ አሳብ ቀላል አሳብ አይደለም።

ግንቦት 1 ቀን 1908 ፓርሰንስ የቢሮውን የመጀመሪያ ሪፖርት አቀረበ። በሪፖርቱ እንደ ተገለጸው በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ 80 ወንዶችና ሴቶች ምክር ጠይቀው ነበር፤ ከእነርሱም ትንሹ 15 ዓመት፣ ትልቁ 72 ዓመት ነበረ። ፓርሰንስ በዚሁ ሪፖርት ውስጥ ይህ ሥራ በአንድ ቢሮ ብቻ መቅረት እንደሌለበት፣ የተማሩና የሠለጠኑ አማካሪዎች በየትምህርት ቤቱ እንደሚያስፈልጉ አመለከተ። ለአማካሪዎች ማሠልጠኛ የሚሆን ትምህርት ቤትም ለመክፈት ዐቅዶ ነበር።

እርሱ ግን ዕቅዱን ሲፈጸም አላየም። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ጤናው የተጎዳ ስለ ነበረና በሥራም ራሱን ስለማያሳርፍ፣ ቢሮው ከተከፈተ ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላው መስከረም 26 ቀን 1908 በ53 ዓመቱ ሞተ። ለሰላሳ አምስት ዓመት ሲፈልገው የኖረውን የሕይወቱን ሥራ አግኝቶ የሠራው ዘጠኝ ወር ላልሞላ ጊዜ ብቻ ነው። ወዳጁ ራልፍ አልበርትሰን የተወውን ጽሑፍ ሰብስቦ በ1909 አሳተመለት። መጽሐፉ ስለ ሥራ አመራረጥ የሚናገርና እስከ ዛሬ በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ መጀመሪያው መጽሐፍ የሚቈጠር ነው።

ሰውየው ቢሞትም ሥራው አልሞተም። የቦስተን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ከቢሮው ጋር ተባብሮ በ1910 117 መምህራን በየትምህርት ቤታቸው የሥራ ምርጫ አማካሪዎች እንዲሆኑ አደረገ። በዚያው ዓመት ስለዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጉባኤ በቦስተን ተሰበሰበ። በ1911 ብሉምፊልድ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ማስተማር ጀመረ። በ1913 ደግሞ በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ ከተማ የአማካሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ከተማ ጄሲ ዴቪስ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ከ1907 ጀምሮ ሌላ ዘዴ ይሞክር ነበር። ይኸውም ተማሪዎች በቋንቋ ትምህርት ሰዓት ስለ ልዩ ልዩ ሥራዎችና ስለ ራሳቸው ጠባይ ድርሰት እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅና በማናቸውም ትምህርት ቤት ሊደረግ የሚችል ዘዴ መሆኑን ልብ ይሏል።

የምናመሰግነውን ሰው ጉድለቱን ሸሽገን ማመስገን ተገቢ አይደለም። ፓርሰንስ የዘመኑ ሰው ነበርና የሰውን የራስ ቅል ቅርጽ በማየት ጠባዩን መገመት ይቻላል የሚለውን ዛሬ ሐሰት መሆኑ የታወቀውን አስተያየት በመጠኑ ይከተል ነበር። ለሴቶችም የሚሆነውን ሥራ ከወንዶች ለይቶ በመጽሐፉ ውስጥ ለብቻው ዘርዝሮታል። ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሰው አንድ ጊዜ ተመርምሮ አንድ ሥራ ከመረጠ ነገሩ ያለቀ ማስመሰሉ ነው። በኋላ የመጡት ሊቃውንት፣ ይልቁንም ከ1953 ጀምሮ ዶናልድ ሱፐር፣ የሥራ ምርጫ የአንድ ቀን ጉዳይ ሳይሆን ሰው ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው ድረስ ራሱን እያወቀ የሚሄድበት ረጅም መንገድ መሆኑን አስረድተዋል። የሚገርመውም የዚህ እውነት ዋና ምስክር የፓርሰንስ የራሱ ሕይወት መሆኑ ነው። በ18 ዓመቱ የመረጠው ሥራ በአንድ ባንክ መውደቅ ምክንያት ከእጁ ወጣ፤ ስሙን ያስጠራው ሥራ ግን በ18 ዓመቱ ገና በዓለም ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? እኛ እንደሚከተለው እናስባለን።

በአገራችን በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ስለ ፈተናው ክብደትና ስለ ትምህርቱ ጥራት ብዙ ተባለ። ነገር ግን ስለ ቀሩት ከመቶ ከ96 በላይ ስለሚሆኑት ወጣቶች፣ ማለት ነገ ጠዋት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚመክራቸው የተነገረው ጥቂት ነው። ፓርሰንስ ሥራውን የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ጋር እንዳልሆነ እናስታውስ። ትምህርት ቤት አቋርጠው በየመንገዱ ከሚላላኩት፣ ማታ ደክመው ከሚማሩት ጋር ነበር። ምክር የሚያስፈልገው ያለፈ ብቻ አይደለም፤ የወደቀውም ነው፤ እንዲያውም እርሱ አብልጦ ያስፈልገዋል። ፈተና የወደቀ ልጅ ሁሉ ዕድሉ የተዘጋ መስሎት ወደ ስደት መንገድ እንዲወጣ፣ ወይም በአደባባይ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ሌላውን መንገድ የሚያሳየው ሰው ማጣቱም ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው መንግሥት አማካሪዎችን እስኪልክ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንድንጠብቅ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በነበረበት ዘመን ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ከትምህርታቸው አንድ ዓመት እየተለዩ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወጥተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። እኛ ያን ያህል እንኳ ባይጠየቅብን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደየአገራችን እንመለሳለን። በተማርንበት ትምህርት ቤት የሚማሩ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከብበው ይጠይቁናል። ስለ ግቢው ምግብና ስለ ዶርሙ ጨዋታ ብቻ ነግረናቸው ከመመለስ፣ ከፓርሰንስ ሦስቱን ነገሮች ይዘን ብንሄድ ምን ይጎድለናል?

መጀመሪያ፣ የምንማረውን ትምህርት እንደ ክብር ሳይሆን እንደ ሥራ እንንገራቸው፤ ምን እንደሚከብድ፣ ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ ተመራቂዎቹ በእውነት የት እንደሚሠሩ። ሕግ የሚማረው ስለ ሕግ፣ እርሻ የሚማረው ስለ እርሻ፣ ነርስነት የምትማረዋ ስለ ነርስነት ትናገር። ሁለተኛ፣ በከተማው የሚሠሩትን ሰዎች፣ የእንጨት ሠሪውን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን፣ የእርሻ ባለሙያውን፣ የጤና ጣቢያውን ነርስ፣ ለአንድ ሰዓት መጥተው ስለ ሥራቸው እንዲናገሩ እንለምናቸው፤ እምቢ የሚል ብዙ ሰው አይኖርም። ሦስተኛ፣ ልጆቹ ስለ ራሳቸው እንዲጽፉ እንጠይቃቸው፤ ምን ይወዳሉ፣ ምን ይችላሉ፣ ምን ይፈራሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ዩኒቨርሲቲ ገባን ብለን ለማንም ልጅ አንተ ይህን ሁን፣ አንቺ ያን ሁኚ ብለን እንዳንቈርጥበት። በእኛ ላይ የተደረገውን በሌላው ላይ መድገም ይሆናልና። አማካሪ መብራት ይይዛል እንጂ በሌላው እግር አይሄድም።

በዚህ ግቢ ውስጥ የማይወደውን ትምህርት ይዞ የሚተክዝ ጓደኛ ቢኖረን፣ የፓርሰንስን ታሪክ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ያስበው። ያ ሰው ሥራውን ያገኘው በ53 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት የሠራውም ሁሉ ከንቱ አልቀረም። የምሕንድስናው ሒሳብ፣ የብረት ፋብሪካው ላብ፣ የመምህርነቱ ትዕግሥትና የሕጉ ክርክር ሁሉ ተጠራቅመው በመጨረሻ አንድን የስደተኛ ልጅ በትክክል ለመጠየቅ ጠቀሙት። እኛም የያዝነውን በትጋት ይዘን፣ ራሳችንን መመርመር ሳናቋርጥ፣ ከኋላችን ለሚመጡት መንገዱን ለማሳየት እንትጋ። ክረምቱ ሩቅ አይደለም።